የአቧራ ቤት ምዕራፍ

ጥቅምት 8

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከርመሃል? የያዝከው ይቅናህ፣ የጀመርከው ይፈጸምልህ፣ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ታሪክ ጸሐፊ ሆነሃል አሉኝ፣ ለታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር መዋሸት ደግ አይደለም። እኔ ደህና አይደለሁም። ሌላው ግን ደህና ነው። ልጄ አሁንም አንተ ያለህበትን አገር ቋንቋ ታስተምራለች፣ ቤቱም ቆሟል፣ ጣሪያው የሚያፈሰውም ሲዘንብ ብቻ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ኩባንያው ስድሳኛ ዓመቱን ሊያከብር እንደሆነ፣ ታሪኩንም በመጽሐፍ እንድታወጣለት አንተን እንደቀጠረህ ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ተከትሎ ሳሉ መጣ፤ ሳሉን ሰምታ ልጄ ውሃ ይዛ መጣች። አንተን ያስተማረህ ከዚህ ፋብሪካ የወጣ ደሞዝ ነው፤ አሁን ደግሞ አንተ ተመልሰህ ለፋብሪካው የሕይወት ታሪክ ልትጽፍለት ነው። አባትህ ቢኖር ጎረቤቱን ሰብስቦ ደብዳቤህን ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር።

ስለ ሥራዎ ይንገሩኝ ብለሃል። ሰው የአቧራ መሳቢያ ማሽን የሚሠራበት ፋብሪካ ሲባል ወለሉ እንደ መስታወት የሚያበራ ይመስለዋል። ነገር ግን ማሽን ከመሸጡ በፊት ይፈተናል፣ ለመፈተኛ ቆሻሻ ያስፈልጋል፣ ቆሻሻውም የዛሬውና የነገው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ይኼኛው ማሽን ከዚያኛው መሻሉ በምን ይታወቃል። ስለዚህ ቆሻሻ እናመርት ነበር። ከቀለም ክፍሉ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረች፣ አቧራ ቤት እንላታለን። ደቃቅ አሸዋ፣ አመድ፣ ዱቄት፣ የጥጥ ብናኝ፣ ከፀጉር ቤቶች በከረጢት የሚመጣ ፀጉር። እየፈጨን፣ እየመዘንን፣ እያዋሃድን በጣሳ እናሽጋለን። እኔ፣ ቀጮና ሳቂታዋ ነበርን። ጠዋት ልጃገረድ መስለን ገብተን ማታ አሮጊት ሆነን እንወጣለን፤ በር ላይ የሚጠብቁን ባሎቻችን ማን የማን ሚስት እንደሆነች የሚለዩን በአረማመዳችን ነበር። ፀጉራችን ላይ ያለው በውሃ ይለቃል። ደረት የገባውን ግን ማን ያጥበዋል።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሦስታችንም አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳንስል አንጨርስም። አምና ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ወደቀረው የኩባንያው የመለዋወጫ ዕቃ መሸጫ ቢሮ ሄድን። በሥራው ምክንያት የታመመን ሠራተኛ ኩባንያው በራሱ ወጪ በትልቁ ሆስፒታል፣ በሳንባ ሐኪም ያሳክማል የሚል ደንብ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጎረምሳ ኮምፒዩተሩን አየና «በዚያ ፋብሪካ አቧራ ቤት የሚባል ክፍል አልነበረም» አለን። ዓይናችን እያየ። «ኩባንያው ራሱ ካወጣው ጽሑፍ ላይ ክፍሉ መኖሩን አሳዩኝና በዚያው ቀን እመዘግባችኋለሁ» አለ።

እንግዲህ የኩባንያው ጽሑፍ አንተ ሆነሃል። አንድ ገጽ ጻፍልን። ክፍሉ ነበረ፣ ሦስት ሴቶች ነበሩበት፣ አቧራውን ይተነፍሱት ነበር በል። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

አክስትህ

ኅዳር 20

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ከብርዱ በስተቀር ደህና ነኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ለከርሞም ያቆይልኝ።

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ አረማመዱ የጻፉት ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ ስቄ አጠገቤ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። የምሠራው ከዋናው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ የድሮ ዶሴዎች በተከማቹበት ክፍል ነው። መግቢያው ላይ መሥራቹ በገዛ እጁ የሠራው የመጀመሪያው ማሽን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆሟል። መሥራቹ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር፤ ሚስቱ ደግሞ የፀጉር ሥራ ሱቅ ነበራት። ወለሏ ላይ የሚበተነው ፀጉር አላስቆም ቢላት የተበላሸ ፓምፕ ገልብጦ፣ ውሃ ከመግፋት ይልቅ ፀጉር እንዲስብ አደረገላት ይላሉ። ከዚያ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ፋብሪካ፣ ከዚያ የእናንተ ፋብሪካ፣ ከዚያ ሽያጭ፣ ውህደት፣ እንደገና ሽያጭ። አሁን ባለቤቱ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ሌላ ኩባንያ ነው፤ ማሽኑም የሚገጣጠመው ሌላ አገር ነው። ስሙ ብቻ ነው የቀረው፤ እኔም የምጽፈው የስሙን ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ያሰቡትን አንድ ገጽ አይደለም፣ ሙሉ ምዕራፍ እሰጥዎታለሁ። ምዕራፍ አራት የእናንተ ፋብሪካ ነው። አቧራ ቤቱን ሳላስገባ ብቀር እርስዎ ያሳደጉኝ ልጅ አይደለሁም።

ከእርስዎ የምደብቀው የለኝም፣ ሥራው አልሆነልኝም። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ረቂቄን በተደጋጋሚ መልሳዋለች። «እንቅልፍ ያመጣል» አለችኝ። ውሌ ከመጽሐፉ ጋር ነው የሚያልቀው፤ ውሌ ሲያልቅ የመኖሪያ ፈቃዴም ያልቃል። ስለዚህ ዶሴ ውስጥ የሌለ ነገር ካለ ያካፍሉኝ። በተለይ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ያ «አራት ቁጥር» የሚባለው፣ ወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው ማሽን፣ ዓመት ሳይሞላው በመርከብ ተጭኖ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። ኩባንያው ሊዘጋ ለጥቂት ነው የተረፈው። ዶሴው የሚለው «የጎማ ቱቦ ጉድለት» ብቻ ነው። የሚያውቁት ነገር ይኖር ይሆን?

አክባሪ ልጅዎ

ታኅሣሥ 9

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሊቁ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ብርዱን ፈጣሪ ያቅልልህ፣ ከአለቃህም ምላስ ይሰውርህ።

ጎማው ነው አሉ? ጎማው ምን በደለ። ለአንተ ያልነገርኩትን ለማን ልነግር ነው፣ ስማ እንግዲህ።

ከምንፈጨው ሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው ደቃቅ ነበር። ሲነሳ እንደ ጭስ ነው፣ ከተነሳ በኋላም እስከ ምሳ ድረስ አይወርድም። ማናፈሻ ይገጠምልን ብለን ጠየቅን። የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ «ነፋስ ካለ ሚዛኑ ይወዛወዝብኛል» አለን። እሺ፣ ከምታመርቱት ማሽን አንዱን ስጡንና ክፍሉን እናጽዳበት አልን። «የሚሸጥ ዕቃ ነው» አለን። ይታይህ፣ አገሩን ሁሉ ከአቧራ ላድን የሚል ፋብሪካ አቧራ የሚሠራበትን ክፍል በመጥረጊያ ነበር የሚያስጠርገን።

ቀጮ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ስትስል ሆዷን በሁለት እጇ ትይዘዋለች። ማየት አቃተኝ። አንድ ቀን ቀዩን የሐር ሻሼን ከቤት ይዤ መጣሁ፣ በእንጨት ክብ ላይ ወጠርኩት፣ በርሜል ውስጥ ገጠምኩት። የተፈጨውን ከላይ እንጨምርና ክዳኑን ዘግተን በርሜሉን እናናውጠዋለን። በሻሹ ያለፈውን ደቃቅ በውሃ ለውሰን ወደ ቱቦ እንደፋዋለን፣ ሻሹ ላይ የቀረውን ጣሳ ውስጥ እናሽጋለን፣ የጎደለውን ክብደት በአሸዋ እንሞላለን። ማን አዘዘ ካልከኝ እኔ ነኝ። ቀጮ ጥላዋን የምትፈራ ሴት፣ ሳቂታዋም ነገሩ ጨዋታ የመሰላት። ሁለት ዓመት ያህል እንደ ሰው ተነፈስን። የቀጮም ልጅ በሰላም ተወለደ፣ ዛሬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

አራት ቁጥር የተፈተነው እንግዲህ በዚያ ጊዜ ነው። አሸዋና ፀጉር ብቻ የቀረበለት ማሽን ሙልጭ አድርጎ በላው። «ምንም አያስቀርም» ብለው ማስታወቂያ አሠሩ፣ ሜዳሊያውን ወሰዱ፣ ለእኛም የሜዳሊያውን ፎቶ ግድግዳችን ላይ ሰቀሉልን። ከዚያ ማሽኑ ሰው ቤት ገባ። ሰው ቤት ያለውን አቧራ በሻሽ የነፋው የለም። ከፊት የሳበውን ከኋላው ይተፋው ጀመር። ከጣሳዎቻችን አንዱ ለምርመራ ወደ ውጭ ተላከ፣ ነገሩ ታወቀ፣ ጉድ ፈላ።

አላባረሩንም፤ ቆሻሻ የሚሠራ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል። ይልቅ መስኮቱን ዙሪያውን በቴፕ አሸጉት። ከመስታወት በስተጀርባ የሚያየን ሰው አስቀመጡ። ደቃቁንም ከበፊቱ እጥፍ አስፈጩን፣ በር እንኳ ለመክፈት እናስፈቅድ ነበር። ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እንዲያ ሠራን። ሳሉ ገብቶ የቀረው ያኔ ነው። የሻሹን ወሬ የማወራልህ ይህን መስኮት እንድትጽፍልኝ ነው፤ ሁለቱ አይነጣጠሉም።

አክስትህ

መጋቢት 2

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? በመዘግየቴ በጣም አዝናለሁ፣ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም።

የላኩልኝ ታሪክ እዚህ ትልቅ መነጋገሪያ ሆኗል። ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይኼ መጽሐፍ ነው» ስትል ሰማኋት። ጥቂት ነገር ላጣራ። አንደኛ፣ ውሳኔው የፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ ሳይሆን የእርስዎ እንደነበረ እርግጠኛ ነዎት? ማኔጅመንቱ ምንም አያውቅም ነበር? ይህን በአጭሩ ጽፈው ፈርመው ቢልኩልኝ የሕግ ክፍሉ ደስ ይለዋል። ሁለተኛ፣ በርሜሉ ምን ያህል ትልቅ ነበር? ሥዕል ሊሠራበት ነው። ሦስተኛ፣ ስለ መስኮቱ ፎቶ ወይም ሌላ ማስረጃ ይኖርዎታል? ያለ ማስረጃ ያስቸግረናል ይላሉ።

ለጊዜው ነገሩ በእኛ መካከል ቢቆይ ጥሩ ነው። ደብዳቤዎንም ከእንግዲህ ወደ ቤቴ ይላኩልኝ፣ ወደ ቢሮ ባይልኩት።

አክባሪ ልጅዎ

መጋቢት 19

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ብዬ ፈርሜ ልኬልሃለሁ። ሌሎቹ ሁለቱ እንዳይነኩ ብዬ ነው፣ ልብ በል። በርሜሉ እስከ ወገቤ ይደርሳል፤ ወገቤ ደግሞ ያኔ ዛሬ ካለበት ከፍ ይል ነበር።

መስኮትን ማን ፎቶ ያነሳል ልጄ? ማስረጃ ካስፈለጋቸው ሦስት ደረት አለን፣ ኤክስሬይ ያንሱት። ለሻሹስ ፎቶ አልጠየቅከኝም። ብቻ አንተ የምታውቀው ይኖራል፣ ሊቁ አንተ ነህ።

ሳቂታዋ አሁን የምትተኛው ተቀምጣ ነው። ጋደም ካለች ያፍናታል። እሷ ግን አሁንም ትስቃለች፣ ሳቁ እንደ ፉጨት ነው የሚወጣው። ባየኋት ቁጥር «የልጁ መጽሐፍ መቼ ነው?» ትለኛለች። ቶሎ በልልን።

አክስትህ

ግንቦት 30

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከልብ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምሥራች አለኝ። ቋሚ ሠራተኛ ሆኛለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ተስተካክሏል። አንድ መስኮት ያላት ቤት ተከራይቻለሁ፣ ከታች ትራም ያልፋል። ይህ ሁሉ የምዕራፍ አራት ውለታ ነው፣ ማለትም የእርስዎ። የምዕራፉ ርዕስ «ቀዩ ሻሽ» ሆኗል። ኃላፊዋ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚነበበው እሱ ነው ብላለች።

ለምስጋና ያህል የኩባንያውን አዲሱን ማሽን ልኬልዎታለሁ። በጣም ድምፅ የለሽ ነው። ለሠራተኛ በቅናሽ ይሰጡናል።

ስለ ሕክምናው የሚመለከተውን ክፍል እጠይቃለሁ።

አክባሪ ልጅዎ

ሰኔ 21

ለወንድሜ ልጅ፣

ለሥራው እንኳን ደስ ያለህ። ከልቤ ነው፣ ለእናትህም ሄጄ ነገርኳት፣ አለቀሰች።

ማሽኑ ደርሷል። ሐኪም ብጠይቅህ መጥረጊያ ላክህልኝ። ሶኬቱ ከግድግዳችን ጋር አልተስማማም፣ ልጄ ጥግ ላይ አቁማው ልብስ ትሰቅልበታለች። ለዚያ ይመቻል።

ከመጋቢት ጀምሮ መስኮቱ ገባ ወይ ብዬ ልጠይቅህ ፈልጌ ልጁን እንዳላሳቅቀው ብዬ ተውኩት። አሁን እጠይቅሃለሁ። መስኮቱ ገብቷል? አዎ ወይም አልገባም በለኝ፣ ሌላውን ተወው።

አክስትህ

ነሐሴ 14

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ።

መጽሐፉ ወጥቷል፣ ሦስት ቅጂ በፖስታ ልኬልዎታለሁ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ። ወረቀቱ በጣም ጥሩ ነው።

ከማንበብዎ በፊት እንዲያውቁልኝ የምፈልገው፣ የምጽፈው እኔ ብሆንም የሚያጸድቁት ሌሎች ናቸው። አንዳንድ ነገር ለቦታ ሲባል ያጥራል። ግን አንድም የውሸት ቃል አላስገባሁም። ይህን ይመኑኝ።

ልጅዎ

መስከረም 25

መጽሐፉ ደርሷል።

ልጄ እንደ መምህርነቷ ቁጭ ብላ ወደ እኛ ቋንቋ እየመለሰች አነበበችልኝ። እውነትህን ነው፣ አንድም የውሸት ቃል የለበትም። ብፈልግ ብፈልግ የምተፋበት ውሸት አጣሁ። ክፍሉ አለ፣ በርሜሉ አለ፣ ሻሹም ሙሉ ገጽ ላይ በቀይ ተሥሏል፤ ከእኔ ሻሽ ያምራል። ሦስት ሴቶች «ሥራቸውን ለማቅለል» ብለው አንድ ትልቅ ኩባንያ ገደል አፋፍ ላይ እንዳደረሱት ተጽፏል። የቀጮ እርግዝና የለም። ማናፈሻው የለም። ከዚያ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ «ጥብቅ ቁጥጥር አደረገ»፣ ኩባንያውም ዳነ። ልጄን እዚያ ላይ አስቆምኳትና ድገሚልኝ አልኳት። ጥብቅ ቁጥጥር። መስኮቴ ይቺ ናት ማለት ነው፣ ሁለት ቃል ሆና ገብታለች። እኔ ሁለቱ አይነጣጠሉም ብዬህ ነበር፤ አንተ አንዱን ሸጠህ ቋሚ ሆንክበት።

ይኼም ይሁን ብዬ መጽሐፉን ይዤ ወደ መለዋወጫ ቢሮው ሄድኩ። ቢያንስ ክፍሉ መኖሩ ተጽፏል አይደል? ጎረምሳው ክፉ ልጅ አይደለም፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀኝ። መጽሐፉም አስቀድሞ እሱ ጋ ነበር። «ክፍሉ መኖሩ አሁን ተረጋግጧል እማማ፣ ግን የሕክምናው ደንብ ሆን ብሎ የሥራ ሥርዓት የጣሰ ሠራተኛ አይታቀፍም ይላል» አለኝ። የፈረምኩትንም ወረቀት አሳየኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከለት ነው። እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ሁለቱን ልቀቁልኝ ብዬ ብለምነው «መጽሐፉ ሦስት ሴቶች ነው የሚለው» አለኝ። አሁን አቧራ ቤት አልነበረም ሲሉን የነበረው ይሻለን ነበር። የሌለ ክፍል ውስጥ ማንም አያጭበረብርም።

ጉዳዩ አለቀ። የሳንባ ሐኪሙን በር የምናይበት ሌላ መንገድ የለንም፣ አንተም ታውቀዋለህ።

በማግሥቱ ቀጮና ሳቂታዋ መጡ። የቀጮ ልጅ በመኪናው አድርሷቸው ነው፣ ከመንገዱ እስከ ደጄ ያለውን ሳቂታዋ በሁለት ዕረፍት ነው የጨረሰችው። የየራሳቸውን መጽሐፍ ደረታቸው ላይ አቅፈው ተቀመጡ። የተጻፈበትን ቋንቋ አያውቁም። ሻሹን አዩና ሳቂታዋ በዚያ በፉጨት ሳቋ ሳቀች፣ ቀጮም ገጹን በእጇ ዳሰሰችው። «በይ አንብቢልን» አሉኝ። ልጄ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ምን ልበላቸው ነበር? የወንድሜ ልጅ ሦስታችንንም በዓለም ፊት ሌባ አደረገን ልበል? አባትህ ሞቶ እናትህ እኔ ዘንድ ካስቀመጠችህ በኋላ እኔ ትርፍ ሰዓት ባመሸሁ ቁጥር አንተን በየተራ ያበሉህ እነዚህ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ልጄ አስጠንታኛለች ብዬ መጽሐፉን ከፈትኩና ዓይኔን ገጹ ላይ አድርጌ ከራሴ አነበብኩላቸው። ቀጮ እርጉዝ እንደነበረች አነበብኩ። ማናፈሻ ጠይቀን እንደከለከሉን፣ መስኮቱን በቴፕ እንዳሸጉት፣ ሦስቱም ሴቶች እስከ መጨረሻው ቀን ሳያጎድሉ እንደሠሩ አነበብኩ። ገጹንም እገልጥ ነበር፣ ለማስመሰል። ሕክምናውን የከለከሉት የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፣ ልጁ ተሟግቶ ተሟግቶ አቃተው አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ ለጓደኞቼ ስዋሽ ዋልኩ፣ ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ፣ የወንድሜን ስም ከአፋቸው ለማዳን ነው።

ሲሄዱ አንተን ካልመረቅን አንወጣም አሉ። ሳቂታዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ፈጣሪ እሱ እኛን እንደጻፈን…» ብላ ጀመረች፣ ትንፋሽ አጠራት። ቀጮ ተቀብላ ጨረሰችላት፤ «እሱ እኛን እንደጻፈን፣ እሱንም ልጆቹ እንዲሁ ይጻፉት» አለች። ሁለቱም አሜን አሉ። ቃል በቃል አድርሺልን ብለውኛል፣ ቃል በቃል አድርሻለሁ።

እኔ አሜን አላልኩም።

የአባትህ እህት